ናፍጣና ቤንዚን በአውበሬ መንገድ

ሾፌሩ አብዲ «ናፍጣ የከባድ መኪና ምግብ ነው፤ ያቺ ጭራ ቆራጣ የናፍጣ መኪናህ አውበሬን ሳትለቅ ታረጃለች» እያለ፣ ወተት ነጋዴ ደንበኞቼን ወደ ቤንዚን መኪናው ሊያስኮበልልብኝ ተነሳ። እነሱ ከሄዱ መኪናዬ የዶሮ ማደሪያ መሆኗ ነው። «በእኩል ነዳጅ ጅግጅጋ የሚደርሰው ማን እንደሆነ እንይ!» አልኩት። ያለንን ነዳጅ አራግፈን በአንድ ጆግ እኩል ተቀዳልን። የነጋዴዎቹ አለቃ፣ እንደ አክስት ኤዶ የምንላት ኸዲጃ ግን «ባዶ መኪናማ ንፋስም ይነዳዋል» ብላ ሴቶቹንና የወተት ጀሪካኖቹን እኩል አካፍላ ጫነችብን።

አብዲ የመኪናውን አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ተፈተለከ። እኔ ዳገቱን እየቧጠጥኩ ስወጣ ኤዶ ኸዲጃ ከኋላዬ «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ አህያ እኮ ቀደመን!» አለች።

«ኤሊም ትቅደመን፤ ጅግጅጋ ሳልገባ ዋላሂ አልቆምም!»

ከብዙ መንገድ በኋላ አብዲን ነዳጅ ጨርሶ ዳር ቆሞ አገኘነው። ሴቶቹ ከነጀሪካናቸው ወደ እኔ ተገለበጡ፤ የመኪናዬ ሆድ አስፋልቱን ላሰ።

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አለ አብዲ አንገቱን ደፍቶ።

ኤዶ ኸዲጃ አንድ ጀሪካን አሳቀፈችው። «ይቺን ይዘህ ተጠጋጋ። ነገ ግን በጊዜ ና፤ ይቺ መኪና ቶሎ ትሞላለች።»