የልብስ ሰፊዋ አንገት

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሎኝ ከመንገድ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ቀን ድንገተኛ ዝናብ መጣና ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ አስገባኝ።

ሰፊዋ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ብርዱ ሰውን ቢያኮራምትም እሳቸው ማራገቢያ ከፍተው ግንባራቸውን ላብ ያጠምቀዋል። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፤ መቀስ ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። ነርስነት የምትማረው የእህታቸው ልጅ ልብስ እየተኮሰች በዓይኗ ትከተላቸዋለች።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ሱሪ ነው? ሸሚዝ?» አሉኝ።

«ዝናቡን ላሳልፍ ብዬ ነው፣ እመቤቴ።»

ዓይኔ አንገታቸው ላይ አረፈ። ፊት ለፊቱ አብጧል። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ እየተነቀለ ወደ ጠርዝ መጠጋቱን የድሮው ክር ቀዳዳ ይመሰክራል። አንገት ሲያብጥ ቁልፍ የሚያሸሽ ከልብስ ሰፊ በቀር ማን አለ?

ልጅቷ ማየቴን አየችና «እሳቸውም አዩት እኮ፣ አክስቴ!» አለች።

«ቁልፍ ማዛወር ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ሰውነትሽ ሲከሳ ቀሚስሽን ታጠብቢያለሽ፤ አንገትሽ ሲወፍር ቁልፉን ታሸሺያለሽ። መቼ ነው ሐኪም የምታዪው?»

«ያበጠ አንገት የአዮዲን እጥረት ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ገዝቼ ያገኘሁት ምግብ ላይ ሁሉ እነሰንሳለሁ። የቀረኝ ሻይ ብቻ ነው!»

ልጅቷ ካውያዋን አቆመች። «አንገቱ ያበጠ ሁሉ አዮዲን አጥሮት አይደለም። ከማንቁርትሽ በታች፣ የአየር ቧንቧው ላይ፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። ከምግብ አዮዲን ወስዳ ሆርሞን ትሠራለች። ሆርሞኑ በደም እየዞረ ልብሽ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነትሽ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይወስናል። ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይወፍራል። ሲበዛ ደግሞ... መስተዋት እዪ!»

«እኔ ዱሮም ቀልጣፋ ነኝ።»

«ቁጭ ብለሽ ልብሽ እንደ ሯጭ ሲመታ ቅልጥፍና ነው? የሁለት ሰው ምግብ በልተሽ መክሳትሽስ?»

«የሚያከሳኝ ያንቺ ንዝንዝ ነው! ለመሆኑ ይቺ ዕጢ አዛዥ የላትም?»

ልጅቷ ወደ ስፌት መኪናው ፔዳል አመለከተች። «አላት። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። እሷ ፔዳሉን እንደሚረግጠው እግርሽ ናት። ሆርሞን ሲያንስ ትጫናለች፤ ሲበቃ ትነሣለች። እኔ የምፈራው ያንቺዋ ታይሮይድ እግር ተነሥቶላትም አልቆም ያለች መኪና እንዳትሆን ነው። አዮዲንሽ ክሩ ነው፤ እንዲህ ላለች መኪና ክር ብትጨምሪላት ትቆማለች?»

ይሄኔ የሰፊዋ ፍርሃት ወጣ። «አንገቴን ቢቀድዱትስ? ከዚያ ወዲያ መኪናው ላይ ማን ይቀመጣል? ይቺ ሱቅ ብትዘጋ እኔም ሞትኩ ማለት ነው።»

እኔም ከወሬው ገባሁ።

«እመቤቴ፣ የባለቤቴም ሕመም ይኸው ነበር። ትቆጣለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የላትም። ሰው ሁሉ፣ ‹ነገር በዛባት› አለ። ኋላ የደም ምርመራው እውነቱን ሲነግረን ልቧ ሮጦ ሮጦ ደክሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚች ዕጢ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በጊዜ የደረሰ ብዙ ሰው በኪኒን ይረጋጋል፤ ቢላ ለሁሉም አያስፈልግም።»

ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንቅስቃሴያቸው ተገቱ።

«ዕድሜዋ ስንት ነበር?»

«ከእርስዎ ታንስ ነበር።»

ወደ ልጅቷ ዞሩ። «መጀመሪያ የሚወስዱት ደም ብቻ ነው አልሽ?»

«ደም ብቻ፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ምን ትገትሪኛለሽ? ጃንጥላውን አምጪ!»

ምርመራው ልጅቷ የፈራችውን አረጋገጠ። ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ኪኒኑ አልፎ አልፎ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከተሰማቸው በዚያው ቀን እንዲመለሱም ተነገራቸው። አንባቢዬ ሆይ፣ ቁጡ የሚባል ዘመድህ እየበላ ከከሳ፣ በብርድ ካላበው፣ ልቡ ያለ ምክንያት ከሮጠ፣ አመሉ ነው ብለህ አትለፈው። ለምርመራ ትንሽ ደም መስጠት ልብን ከድካም፣ ቤትንም ከሐዘን ያድናል።

ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ረፋዱ ላይ ሱቁ ገና ዝግ ነበር። ደንበኞች ደጁ ላይ ያጉረመርማሉ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ። «ማንም እንዳይቀሰቅስብኝ!»

ደንበኞቹ ተናደዱ። እኔ ግን ባለቤቴ ያጣችውን እንቅልፍ ለሰፊዋ እየጠበቅሁላቸው እዚያው ቆምኩ።