ዘይዳ «አፉ በሉኝ» ስትል

የሞጣ ሚኒባስ ሳይሞላ ከቢቸና መናኸሪያ ንቅንቅ እንደማይል ሐኪም አብዱልዋሂድ አሳምረው ያውቃሉ። ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ጋቢና ገብተው ሾፌሩን በሆዳቸው እየረገሙ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ከጎናቸው ገብታ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። የወዳጃቸው የቅኔው መምህር የየኔታ አካለ ወልድ ልጅ ብሩክታይት ነበረች። ሞጣ አድጋ፣ በቤተሰብ ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርጋ፣ አሁን ቢቸና ትሠራለች።

«አንቺ! መርፌ አይተሽ ጠረጴዛ ሥር የገባሽው ልጅ ዛሬ ሰው ትወጊያለሽ?»

«እርስዎን እያሰብኩ ነው የምወጋው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች።

ሐኪም አብዱልዋሂድ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞጣን ያከሙ፣ በሽተኛን እንደ ዘመድ የሚወዱ ደግ ሰው ናቸው። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ በሽተኛ ወደ ሌላ ሐኪም መላክ አይወዱም። አእምሮን የነካ ሕመም ሲሆንማ ጭራሽ! ሪፈር ከሚጽፉ ጥርሳቸውን ቢነቅሉ ይመርጣሉ። ይህንንም እንደ ሙያ ስለሚቆጥሩት ለብሩክታይት ያወጉላት ጀመር።

«ጎረቤቴን፣ ቅመም ነጋዴዋን ዘይዳን ታውቂያት የለ? ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጣች፤ እህል አልበላ አላት። ‹ላካት› አሉኝ፤ እንቢ አልኩ። ጨጓራዋን እያከምኩ፣ እያጫወትኩ አቆየኋት። ይኸው ካለፈው ሳምንት ወዲህ እርግት ብላለች፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒትስ ሞክረውላታል?»

«ሰው ምን ይላል? ሞጣ እኮ ነው! ብልካት ሳትመለስ ‹ዘይዳ አበደች› ይባላል። ልጇ ሳቢራ ደግሞ ታጭታለች። ወዳጄን በገዛ እጄ ላዋርዳት?»

«ስሟን መጠበቅዎ ደግ ነው፣ ጋሼ። ሕመሟን ግን ማን ያክመው?»

«እኔ ነኛ! እኔን አምኖ የመጣን ሰው ለማላውቀው ሐኪም መስጠት መግፋት ነው።»

«አባቴ ቅኔ ያስተማረውን ተማሪ ለአቋቋም ትምህርት ወደ ሌላ ጉባኤ ይልከዋል። ገፋው ይባላል?»

«እሱማ መርቆ፣ ለመምህሩም አደራ ብሎ ነው የሚልከው።»

«እርስዎም እንደዚያ ይላኩ። ሁሉንም ይላኩ አላልኩም፤ አብዛኛውን ድብርትና ጭንቀት እዚያው ማከም እንችላለን። እኔ የምልከው መድኃኒቱን በወጉ ለሳምንታት ወስዶ ካልተሻለው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ፣ ወይም መብላት መጠጣት ከተወ ነው። ሞትን ካሰበ ግን አንዲት ቀን አላሳድረውም።»

ሐኪም አብዱልዋሂድ ተቆጡ።

«ዘይዳ ሶላቷን የማታጓድል ሴት ናት! እንዲያውም ሰሞኑን ደግነቷ ብሷል። ‹የበደልኳችሁን አፉ በሉኝ› እያለች ቤት ለቤት ስትዞር ሰነበተች። ወርቋን ለሳቢራ ሰጠቻት፤ ለኔ ደግሞ የባሏን ሰዓት።»

የብሩክታይት ፊት ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሐጅ ልትሄድ ነው?»

«የለም።»

«ዐረብ አገር?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ወዴት ልትሄድ ነው አገሩን ሁሉ አፉ በሉኝ ያለችው?»

ነገሩ ያን ጊዜ ለሐኪሙ ተገለጠላቸው። የሚወዷትን ሴት መሰናበቻ እንደ መዳን ቆጥረው ሳምንት ሙሉ ሲደሰቱ ከርመዋል! አፈሩ፤ ከማፈራቸውም ይልቅ ፈሩ።

«አሁኑኑ ደውለው ይጠይቋት» አለች ብሩክታይት።

«ብጠይቃት ያላሰበችውን አሳስባት የለም?»

«አያሳስባትም። ያላሰበ ሰው ‹የለም› ይላል፤ ያሰበ ሰው ግን የሚያዋየው ያገኛል።»

ከመኪናው ወርደው ራቅ ብለው ደወሉ።

«ዘይዳ፣ አትቀየሚኝ። ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»

በስልኩ ለቅሶዋ ተሰማ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጨጓራዬ ብቻ ነው የጠየቁኝ» አለቻቸው።

ሳቢራን በስልክ አስጠርተው፣ እሳቸው እስኪደርሱ ከእናቷ አጠገብ እንዳትለይ አደራ አሏት። ሾፌሩም ነገሩን ከፊታቸው አንብቦ ሚኒባሱ በግማሽ እንደሞላ ተነሳ። ብሩክታይት በመንገድ ላይ ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ደወለች። ሐኪም አብዱልዋሂድ ሞጣ እንደገቡ የሚያውቁትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው፣ ዘይዳን ከልጇ ጋር ይዘው በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አደረሷት።

ሦስት ሳምንት ተኝታ ታከመች። ገበያው አንድ ሰሞን አወራ፤ ኋላ ሰለቸውና ሌላ ወሬ ያዘ። የሳቢራ ኒካሕም በቀኑ ታሰረ። ዘይዳ መድኃኒቷን የምትከታተለው እዚያው ሐኪም አብዱልዋሂድ ዘንድ ስለሆነ፣ በመላካቸው ያጡት ወዳጅ የለም። እሷ እንቅልፏን አግኝታ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ እሳቸውም ከአቅም በላይ የሆነን ነገር ብቻቸውን ከመሸከም ዐረፉ። ዛሬ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የመጣን ሁሉ፣ ከጨጓራው አስቀድመው ስለ ልቡ ይጠይቁታል።

ባለፈው ማክሰኞ ዘይዳ ከወለደች ወር ያልሞላትን ጎረቤቷን ጁማናን ደግፋ ክሊኒኩ ገባች። ጁማና ዐይኗን ከመሬት አልነቀለችም። ዘይዳ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ይጠይቋት» አለች። «እኔን ያቆዩኝን ያህል አያቆዩአት።»