የጀልባዋ እግር ዘይት

በእኛ ጊዜ ዘይት የሚታየው በጣት ነበር። ዛሬ ምን አላችሁ፣ ኮምፒዩተር ይሰካል፣ መብራት ይበራል፣ "ቼክ አድርግ" ይላችኋል። ያኔ የሚበራ ነገር የለም። አንድ ጠብታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ታደርግና እንዲህ ማሸት ነው፣ እንዲህ፣ ቀስ ብሎ። ሳራ፣ የምትቀጂበትን ስልክ ወደ እኔ አቅርቢው። ድምፅህን ከፍ አድርግ እንዳትይኝ፣ አላደርግም።

ማን አስተማረህ ነው ያልሽው? አሰብ ወደብ ላይ ነው የተማርኩት። አባቴ ሲሞት በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ወረድኩ፤ ገና ጢም እንኳ አላበቀልኩም። እናቴማ... እሱን ተዉት።

ሳራ፦ የት ትተኛ ነበር አጎቴ?

ጀልባ ሥር። የተገለበጠ ጀልባ ጥሩ ቤት ነው። ዝናብ አያስገባም እንዳልል አሰብ ዝናብ የለም። ፀሐይ አያስገባም። ረሃብ ግን ያስገባል።

ታዲያ እዚያ መሐመድ የሚባል የዓፋር ሽማግሌ ነበር፣ የጀልባ ሞተር ይሠራል፣ እኔ ዕቃ አቀብለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ያበላኛል፣ ደመወዜ ያ ነው። እጁ ከባድ ነው። ዘይቱን ከሞተሩ ያወርድና "ና! ዐይንህን ጨፍን!" ይለኛል። እጨፍናለሁ። ጣቴ ላይ ጠብ ያደርግልኛል። "ምንድን ነው?" "ዘይት ነው።" ጧ! በኩርኩም። "ዘይት መሆኑን ፍየልም ያውቃል! ዘይቱ ውስጥ ምን አለ?" እንዲህ ነበር ድምፁ፣ ብረት በብረት ሲፋቅ። እና አሻለሁ፣ አሻለሁ፣ "እንደ ኩል ነው" እለዋለሁ። "ኩል ከሆነ ደህና ነው። ብረት ከብረት ሲሠራ ይልማል፣ ያ ዕድሜ ነው" ይለኛል። በሌላ ቀን ደግሞ ዘይቱ ጣቴን ወጋ ያደርገኛል። "ስንጥር አለው።" "ስንጥር ከሆነ የማርሹ ጥርስ እየተበላ ነው፤ ሰው አታሳፍርበት።" አንዳንዴ ደግሞ "አሁን ዐይንህን ግለጥ" ይለኛል፣ ስገልጥ ዘይቱ ነጥቶ እንደ ወተት ሆኗል። "ይሄ ባሕሩ ገብቶበት ነው። ባሕር ሲገባ መጀመሪያ ዘይቱን ይበላል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታውን፣ ከዚያ አንተን።" ኩሽኔታ ማለት ዘንጉ የሚሽከረከርበት ነው፣ እናንተ ቤሪንግ የምትሉት።

ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም።

አስቴርን ያገባሁት እዚያው ነው። ከተጋባን ወዲያ ነገሩ ከፋና በባሕር ወጣን። አንዲት ጀልባ ላይ ሰው እንደ ማገዶ ተደርድሯል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ አላማረኝም፣ ከሥሩ ይንቀጫቀጫል፣ እና ባለቤቱን "ወንድሜ፣ የካምቢዮውን ዘይት ልይልህ፣ ሥራዬ ነው" አልኩት። "አንተ ተሳፋሪ ነህ፣ ተቀመጥ!" አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ዱላ አነሣ። ተቀመጥኩ። ታዲያ ባሕሩ መሀል ስንደርስ ካምቢዮው ተንቋቋና ቀጥ አለ። መሬት በየትም በኩል አይታይም። የምንጠጣው ውሃ አለቀ፣ ሕፃናቱ... እሱን ተዉት። ዓሣ አጥማጆች አግኝተው ጎትተው አወጡን። ይህ ይበቃል።

አስቴር መሬት ስትረግጥ ምን አለች? "ከዛሬ ወዲያ ውሃ በብርጭቆ ካልሆነ አላውቀውም" አለች። እና ቃሏን ጠበቀች። እግዜር ደግሞ ቀልደኛ ነው፣ አንሥቶ ሚኒሶታ ላይ ጣለን! ዞር ባልሽበት ሐይቅ የሆነ አገር! ልጆቻችን እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ አድገው፣ ሲዋኙ ኖረው፣ እሷ አንድ ቀን እግሯን አላስነካችም። ዳር ቆማ ጫማቸውን ትጠብቃለች። በእግሯ ግን ሐይቁን ትዞረዋለች፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ በየሰመሩ፣ ዙሪያውን።

እኔ ደግሞ አውቶቡስ ጋራዥ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አሮጌ ጀልባ ገዛን። አንዱ ገመቹ ነው፣ ትራክ ይነዳል፣ ሜፕልዉድ ይኖራል፣ ጀልባዋም የምትቆመው እሱ ግቢ ነው። ሌላው ሳሙኤል ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። ነገሩን እንደ ማኅበር አደረግነው፣ በወር በወር ተራ አለን፤ ጁን የገመቹ፣ ጁላይ የሳሙኤል፣ ኦገስት የእኔ። ተረኛው ይነዳታል፣ ያጥባታል፣ የጎደለውን ሞልቶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። "ማኅበር ጎድሎ አይተላለፍም" ይላል ገመቹ።

ታዲያ ዘንድሮ የአስቴርን ጉልበት አመማት። ሐይቁን መዞር አቃታት። ቤት ዋለች፣ ዋለች፣ እና አንድ ቀን ሰሐን እያጠበች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ዙሪያውን መዞር ካቃተኝ መሀሉን ልሂድበት" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ጀልባችሁ ላይ ልውጣ ነው ያልኩህ። ቅዳሜ። ግን አንተ ራስህ አይተህ 'አይቆምም' ካልከኝ ነው። መሀል ላይ ከቆመብኝ ሁለተኛ አልሳፈርም፤ አንተንም ሁለተኛ አላምንህም።"

እሺ አልኳት።

ኦገስት ገብቷል፣ ተራው የእኔ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ገመቹ ቤት ሄድኩ። የጀልባዋ ሞተር ከውስጥ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ውሃው ውስጥ የምትገባ እግር አለቻት። አውትድራይቭ ይሏታል፣ እኔ እግር ነው የምላት። ማርሹም ኩሽኔታውም እዚያ ውስጥ በዘይት ተነክሮ ነው የሚሠራው፤ ጫፏ ላይ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር አለ። የእግሯ ዘይት መጉደል አለመጉደሉን የሚያሳይ ጠርሙስ ደግሞ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ገመቹ ጠርሙሱን አሳየኝ። "ሙሉ ነው ጋሼ! እየው፣ ማር አይመስልም? ሁሌም ሙሉ ነው!"

"ከሥር ላውርደው።"

"ኧረ ጋሼ፣ የተኛ እግር ለምን ትቀሰቅሳለህ? ሙሉ ነው እያልኩህ!"

"የላዩን አየሁ። የታቹን ልይ።"

"አንተ ሰው ስትጠራጠር! ሠርግ ብትጠራ እኮ ወጡን ከሥር አማስለህ ነው የምትቀምሰው!"

ካቻቢቴ አምጣ አልኩት። ባልዲ ከሥሯ አደረግሁና የታችኛውን ብሎን ፈታሁ። መጀመሪያ ውሃ ወጣ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትንሽ። ከዚያ ዘይቱ መጣ። ነጭ። ሻይ በወተት በሉት። ገመቹ "ያ ዋቃዮ!" አለና ቁጢጥ አለ።

ብሎኑ ጫፉ ላይ ማግኔት አለው፣ የብረት ብናኝ የሚይዝበት። የያዘውን በጣቴ ወሰድኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ አሸሁት። አሸሁት። ልሟል። ደግሜ አሸሁት። ኩል ነው፣ ስንጥር የለውም። "ውሃ ገብቷል፣ ጥርሱን ግን ገና አልበላውም" አልኩት።

"እንዴት ይገባል? ሙሉ ነበር እኮ!"

"ማን ሞላው?"

ባልዲውን ማስተካከል ጀመረ።

"ገመቹ፣ ማን ሞላው?"

"እ... እኔ ነኝ፣ ጁን መጨረሻ ላይ። ጎድሎ አየሁት። በጸደይ ስታዘጋጃት ረስተኸው ነው ብዬ... ታላቅ ሰው እንዴት 'ረሳህ' ይባላል? ዝም ብዬ ሞላሁት።"

ሳሙኤል ጋ ደወልን፣ ስፒከር ላይ አደረግነው። "ሳሚ፣ የእግሩ ዘይት ጎድሎብህ ነበር?"

"አዎ፣ ትንሽ ጎድሎ ነበር። ገመቹ ሳይሞላ አስረክቦኝ ነው ብዬ፣ ከምናገረውና ከማሳፍረው ብዬ ሞላሁት። ምነው?"

አያችሁ? ዘይት የሚጎድለው የሚወጣበት ቀዳዳ ስላለ ነው። ዘይት በወጣበት ደግሞ ውሃ ይገባል። ጠርሙሱ እየጎደለ "አሞኛል" ይላል፣ እነሱ በይሉኝታ አፉን በዘይት ይዘጉታል፤ ላዩ አዲስ ዘይት፣ ታቹ ወተት። ሁለት ጨዋ ሰው አንዲት ጀልባ ሊገድሉ! እንዲህ እንደሆነች ዊንተር ቢደርስባት ደግሞ ውሃው በረዶ ሆኖ እግሯን ይሰነጥቃት ነበር።

ታዲያ ከየት ነው የሚወጣው ብዬ ፕሮፔለሩን አወለቅሁ። ከኋላው፣ ዘንጉ ላይ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሟል፣ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ ቆርጦታል። አረንጓዴ ክር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገመቹ ከጁን ጀምሮ አንድ ወሬ ነበረው። ፍሮግታውን ሰፈር ሄዶ ምሳ የበላ ሁሉ ሰምቶታል። "ዓሣ ያዝኩ አልልም፣ ዓሣ ያዘኝ! ጀልባዋን ጎተታት እኮ! ክሩን እንደ ሸረሪት ድር በጥሶት ሄደ! ይህን ያህል ነበር!" ይላል እጁን ዘርግቶ፤ በየሳምንቱም ዓሣው ይረዝማል። ታዲያ ክሩን ከዘንጉ ላይ እየፈታሁ "ገመቹ፣ ይሄ ያንተ ክር አይደለም?" አልኩት። አየው። "ነው" አለ ቀስ ብሎ። ፕሮፔለሩን አንሥቼ "እንግዲህ ዓሣህ ይኸውልህ፣ ሦስት ክንፍ አለው" አልኩት።

"ጋሼ፣ በእናትህ፣ ለሳሚ እንዳትነግረው!"

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ሳሙኤል ሆስፒታል መሀል ሆኖ ሲንከተከት በሽተኞቹ ምን እንዳሉ እንጃ።

ሳቁ ሲያበቃ ገመቹ ቁም ነገር አመጣ። "ጋሼ፣ ሾፑ ጎማውን እስኪያመጣልን ቅዳሜ ያልፋል። ዘይቱን ብቻ ቀይረን እንውሰዳት። አንድ ቀን ነው፣ ምንም አይሆንም። እትዬ አስቴር በምን ታውቃለች? ይቺን ቅዳሜ ካሳለፍክ ሁለተኛ እሺ አትልህም።"

እውነቱን ነው። እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነው። አንድ ቀን ሳትቆም ትወስደን ይሆናል። አስቴር የጠየቀችኝ ግን "ይሆናል" የሚል ቃል አይደለም።

ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ቤት ሄድኩ። "ቅዳሜ አንሄድም" አልኳት። አላየችኝም። "አውቄው ነበር" አለች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ የገባበት ዘይት ነው። ሠርቼው ነው የምወስድሽ።"

ክዳኑን ከፈተች፣ ጣቷን ነከረች፣ አሸችው። ልክ እኔ እንደማሸው። ስንት ዘመን ሳደርገው አይታለች። ከዚያ "ያኔም ይሄን ልታይ ነበር አይደል የተነሣኸው? ሰውየው ዱላ ያነሣብህ ጊዜ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ዛሬስ ማን ተቀመጥ አለህ?" አለች። "ሂድ ሥራው። እጠብቃለሁ።"

ታዲያ ሠራነው። ጎማው መጣ፣ ቀየርነው፣ እግሯን በፓምፕ አየር ሞልተን ያፈስስ እንደሆነ አየን፣ አላፈሰሰም። አዲስ ዘይት ሞላን፣ ዳር ዳሩን ነዳናት፣ እና መልሼ ከሥር አወረድኩና አየሁት። ማር ነው፣ ላዩም ታቹም። ለማኅበሩም ሕግ ወጣ፤ ዘይት ጎድሎ ያየ ሰው ከመሙላቱ በፊት ይደውል፣ ታላቅም ቢሆን ይሰደብ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አስቴርን ወሰድናት። ላይፍ ጃኬት ሲያለብሷት "ሁለት መደረብ አይቻልም?" አለች። ገመቹ እጇን ይዞ አስገባት። ወንበሩን ጨምድዳ ይዛ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ነዳሁ። ታዲያ ሐይቁ መሀል ስንደርስ ዐይኗን ገለጠች፣ ዙሪያዋን አየች፣ እና "አጥፋው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሞተሩን። አጥፋው።"

ገመቹ "ኧረ እትዬ፣ ደህና እየሄደልን!" ሲል "ዝም በል አንተ ዓሣ አጥማጅ!" አለችው።

አጠፋሁት። ፀጥ አለ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ቸብ ቸብ ሲያደርግ ብቻ ይሰማል። ተቀመጥን። ብዙ ተቀመጥን። በኋላ ቀስ ብዬ "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እየሰማሁ ነው" አለች። "ያኔ ሲቆም ፀጥታውን አልሰማሁትም። ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ ነካችና "አስነሣው" አለች። ቁልፉን አዞርኩ። ወዲያው ተነሣ። ትንሽ ሄድን፣ "አጥፋው" አለች ደግሞ። አጠፋሁ። "አስነሣው።" አስነሣሁ። ደግሞ "አጥፋው"! ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ገመቹ "እትዬ አስቴር፣ በፈጠረሽ፣ ባትሪው ያልቅና የእውነት እንቀራለን!" ብሎ እስኪለምናት ድረስ። ይኸው ነው እንግዲህ። ዘይትን ከሥሩ አውርዶ ማየት ነው፣ የላዩ አይታመንም።

ሳራ፦ እትዬ አስቴር፣ ሞተሩ ሲጠፋ አልፈራሽም?

አስቴር፦ እኔ? እኔ ምን ያስፈራኛል! እሱ ነው እንጂ የፈራው። "አስነሣው" ባልኩት ቁጥር ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ ነው! ይሄን ለምን ዘለልከው? ንገራቸው እንጂ!

ሳራ፣ ዝጊው ይሄን ስልክ። አትሳቁ! ዝጊው ብዬሻለሁ እኮ!