የግራ ትከሻ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ባልተነሳ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። መምህርቷ የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ድንገት ወረደባት፤ ደብተሮቹን በሹራቧ ሸፍና ሮጣ የተጠለለችው ከጋሽ ሜትር ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ነበር። በረንዳው ላይ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንሽ ወንድሟን በግራ ጎኗ ታቅፋ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች «እሹሩሩ» ትላለች። መምህርቷን ስታይ ፊቷን በሕፃኑ ራስ ከለለች።

«አንቺ! እኔ እኮ የታመምሽ መስሎኝ ነበር» አለቻት መምህርቷ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ጠፋሽ?»

ልጅቷ ሳትመልስ የስፌት መኪናው ቆመና የአባቷ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ማነው እሱ? ግቢ እንጂ! ሰው ዝናብ ላይ ይቆማል እንዴ?»

ጋሽ ሜትር ይህን ቅጽል ስም ያገኙት ከአንገታቸው በማይወርደው መለኪያ ነው። ሲተኙም አያወልቁትም እያለ ሰፈሩ ያማቸዋል። በሙያቸው ግን የሚስተካከላቸው የለም፤ ደንበኛ ከበር ገብቶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ደረቱንና ወገቡን በዓይናቸው ጨርሰውታል። የመምህርቷንም የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። አምስት ልጆች አሏቸው፤ በረንዳ ላይ ያለችው ትልቋ ናት፣ ቀጥለው የአምስት ዓመት መንትያ ወንዶች፣ ከዚያ ሲጠይቅ ስለሚውል «ለምን» የሚሉት የሦስት ዓመት ልጅ፣ መጨረሻ ማሙሽ። ጋሽ ሜትር ልጆቻቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዳሉ። ማቀፍ የሚባል ነገር ግን አያውቁም፤ ልጅ ያቀፈ አባት ይቀላል፣ የሚፈራውም አያገኝም ብለው ያምኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች መምህርቷ ወንበር ሲስቡላት። «ሰኞ መዝገብ ይጣራል። ልጅዎ ሰኞ ካልመጣች ስሟ ይሰረዛል። ዓመቱ ተቃጠለባት ማለት ነው።»

«ምን ይደረግ ብለሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉ ክር በመርፌ እያስገቡ። «እናታቸው ዳቦ ቤት ሥራ ይዛለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የምትመለሰው ስድስት ሰዓት ነው። ማሙሽን ማን ይያዘው? የበኩር ሴት ልጅ ለእናቷ ግማሽ ጎን ናት። እናቴም አያቴም ያደጉት እንዲሁ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«እርስዎ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነዎት እኮ።»

ጋሽ ሜትር ሳቁ። የምር ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። «እኔ ልጅ ልይዝ! ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት ሲባል አልሰማሽም? ሕፃን ታቅፌ ያየኝ ደንበኛ ሱፉን ይሰጠኛል? ደግሞስ ልጅ በዕድሉ ያድጋል።»

«ልክ ነው፣ በዕድሉ ያድጋል» አለች መምህርቷ። «የእርስዎ ማሙሽ ግን የሚያድገው በእህቱ ዕድል ነው።»

ይህች ነገር ጋሽ ሜትርን ቆንጠጥ አደረገቻቸው። የተማረ ሰው ነገር ማሳመር ያውቃል ብለው በሆዳቸው አጉረመረሙ።

«እሷ ምን ጎደላት? ትበላለች፣ ትጠጣለች። በየዓመቱ ቀሚስ እሰፋላታለሁ።»

«ለክተው ነው የሚሰፉላት?»

«የገዛ ልጄን ምን ይለካታል? ሰፋ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ታድግበታለች።»

ይታያችሁ እንግዲህ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በሜትር የሚለኩት ሰው የራሳቸውን ልጆች የሚያለብሱት በግምት ነበር። አምስቱም እጅጌያቸውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ነው የሚውሉት። ከልብስ ሰፊ ቤት የወጡ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ዛሬ ይለኳት» አለች መምህርቷ። «የትምህርት ቤቱን ጨርቅ እኔ አመጣለሁ። ባትመጣ እንኳ ልብሱ አይጎዳትም።»

«መለካቱማ ምን ከፋ!» አሉ፣ ክርክሩ በዚሁ እንዲያልቅላቸው። «ነይ ትልቋ!»

ልጅቷ ገባች፤ ማሙሽን ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ቆመች። አባቷ እጃቸውን አልዘረጉም። ሕፃኑን መምህርቷ ተቀበለቻት።

ጋሽ ሜትር በቀኝ በኩል ከትከሻ እስከ ወገብ ለኩ። በግራም ለኩ። ቆም አሉ።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

«ቀጥ ብያለሁ፣ አባባ።»

እንደገና ለኩ። ሁለት ጣት ልዩነት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ልጃቸውን አዩዋት፤ ምናልባት በደንብ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። የግራ ትከሻዋ ወርዷል። ማሙሽ አሁንም የተቀመጠበት ይመስል ዳሌዋ ወደ ግራ ወጣ ብሏል። የግራ እጇ ደግሞ ምንም በሌለበት አየሩን ቸብ ቸብ ያደርጋል።

«ማሙሽ እኮ ወርዷል» አሉ ድምፃቸው ቀጠን ብሎ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።» ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። «ሳላስበው ነው።»

ይህን ትከሻ ጋሽ ሜትር ያውቁታል። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ስንቴ ለክተውታል! ግን ሁልጊዜ ዕድሜ ልካቸውን ጆንያ በተሸከሙ ሰዎች ላይ ነበር። ለእነሱ ኮት ሲሰፉ በወረደው በኩል ጥጥ ይሞላሉ፤ ሲለበስ ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ይሆናሉ።

«ጥጥ... ትንሽ ጥጥ እሞላበታለሁ» አሉ ሳይታወቃቸው። «አያስታውቅም።»

«ጋሼ» አለች መምህርቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጥጥ የሚያቃናው ልብሱን ነው።»

ጋሽ ሜትር ልጃቸው ፊት ተንበረከኩ።

«ያምሻል?»

«ማታ ማታ ትንሽ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ ላይ ነህ እኮ ሁልጊዜ።»

ይህን ያለችው በወቀሳ አልነበረም። ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«ይቃናል?» ሲሉ መምህርቷን ጠየቋት።

«አጥንቷ ገና ለጋ ነው፤ ጤና ጣቢያ እናሳያት። ብቻ መጀመሪያ ሸክሙ ይውረድላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እናንተ ሰባት ናችሁ፣ ሎሚው ግን የወደቀው በአንዲት ልጅ ላይ ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚስቅ ሰው ስቆ ይሄዳል፣ ጋሼ። ትከሻው ግን ከእሷ ጋር ይቀራል።»

ጋሽ ሜትር መለኪያውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እስቲ አምጪው» አሉ። ማሙሽን የተቀበሉት ውድ ጨርቅ እንደሚቀበሉ በሁለት መዳፋቸው ነበር። ሕፃኑ ጮኸ። ትልቋ ልትወስደው እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ይልመደኝ» አሏት። ማሙሽ እያለቀሰ መነጽራቸውን አገኘ፤ ጨመደደውና ዝም አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ የልጆቹ እናት ቅንድቧ ዱቄት እንደያዘ ስትገባ ባሏን ልጅ ታቅፈው አገኘቻቸው። ነጠላዋን ጣለች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አባት ሆኜ ነው» አሉ። እሷም ነገሩን ከሰማች በኋላ የልጇን ትከሻ በእጇ ዳሰሰች፣ «እኔስ የት ነበርኩ?» ብላ አለቀሰች።

ሰኞ ቤቱ ሌላ ሥርዓት ያዘ። የቁርጥራጭ ጨርቅ መሙያው ትልቅ ቅርጫት የማሙሽ መቀመጫ ሆነ፤ መቀሱና ቁልፉ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ። መንትዮቹ ጠዋት ጠዋት ማግኔት በክር አስረው ወለሉን እየጎተቱ የወደቀ መርፌ ይለቅማሉ፤ ሥራ መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ እንደ ጨዋታ ይጣሉበታል። «ለምን» ደግሞ ማሙሽን በጥያቄ ያጫውተዋል፤ ሳይሰለች የሚሰማው ሰው ገና ማግኘቱ ነው። መጀመሪያ የመጣው ደንበኛ የሰፈሩ ጠበቃ ነበር።

«ጋሽ ሜትር፣ ሞግዚትነት ጀመሩ?»

«ጀመርኩ» አሉ፣ «ዘግይቼ ነው እንጂ። ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉ።» ጠበቃው ሳቀ፣ ሱፉንም ሌላ ሰፊ ጋ አልወሰደም።

አምስት ወር አለፈ። ጤና ጣቢያ በታዘዘላት መሠረት ትልቋ በየቀኑ ሰውነቷን ታፍታታለች። የአምስቱም ልክ ከደንበኞች ልክ ጋር በአንድ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ የትልቋ ሁለት ጣት አንድ ጣት ሆኗል። ጥጥ አልተሞላበትም። የሚፈራኝ አጣለሁ ይሉ የነበሩትን አባት ልጆቻቸው እንደ ድሮው ያከብሯቸዋል፤ ልዩነቱ፣ ዛሬ የሚያማቸውን ይነግሯቸዋል። ልጅን ማሳደግ የቤት ሁሉ ሥራ መሆኑን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ሜትራቸው ነው፤ የሌላውን ሰው ልክ የሚያውቅ ሁሉ የቤቱንም ቢለካ ምንኛ ደግ ነበር!

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትልቋ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ዞር እያለች ወደ በረንዳው ታይ ነበር፤ ማሙሽ ያለቅስ እንደሆነ፣ አባቷ ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተውት እንደሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ማሙሽ በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብላት ቦርሳዋን በሁለቱም ትከሻዋ አንግታ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ሮጠች። ጋሽ ሜትር ማዕዘኑን እስክትታጠፍ ጠበቁ። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም።