«የላም በረት» ያላለችው ልጄ

በፈረንጆች 1996 ነበር፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በረዶ ይጥላል። የስድስት ዓመት ልጄ አስተማሪ፣ ተማሪዎቿ የየአገሩን ተረት በኮምፒውተር እንዲሰሙ፣ ወላጆች መጥተን ድምፃችንን እንድንቀዳ ጠየቀችን። እኔ ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ አገር ቤት ገበሬ የነበርኩ ሰው ነኝ። ተረት ግን አላጣም ብዬ ሄድኩ።

ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩና «ተረት ተረት» ብዬ ዝም አልኩ። ሰሚው «የላም በረት» ካላለ ተረት አይጀመርም። መልሱን ስጠብቅ አጠገቤ የቆመችውን ልጄን አየኋት፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሶሪ አባባ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«አላውቅም። ዝም አልከኝ እኮ። ምን አጠፋሁ?»

አስተማሪዋ በእጇ ቀጥል ትለኛለች። ልጄ ዝምታዬን የምታውቀው በቁጣ ብቻ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አንድም ተረት አልነገርኳትም።

መቅጃው እንዲጠፋ ለአስተማሪዋ በልጄ አስነገርኩ። በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ነበሩ፤ አስጠበቅኳቸው። ወንበሬን ወደ ልጄ አዞርኩና «ተረት ተረት ስልሽ፣ የላም በረት በይ» አልኳት። እየፈራች አለችው። ለእሷ ብቻ ጀመርኩላት።