ከመቶ ወዲያ

በጥቅምት ጠዋት፣ አዝዋሪ ወንዝ ዳር፣ የውኃውን ከፍታ ከሚያሳየው ባለቁጥር ሰሌዳ አጠገብ፤ ከቢሮ በሞተር የመጣው ወጣቱ የውኃ ጥናት ባለሙያ ናሁሰናይ፣ ጠዋትና ማታ ሰሌዳውን እያነበበች የምትመዘግብበትን የወይዘሮ ይታይሽን ደብተር ገልጦ ይዟል።

ናሁሰናይ፦ እትዬ ይታይሽ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ይህ ወንዝ አሥር ሜትር ከአምስት ሴንቲ ሲሞላ እርስዎ የት ቆመው ነበር?

ይታይሽ፦ እ?

ናሁሰናይ፦ አሥር ሜትር! ያ ዋርካ እንኳ አሥር ሜትር አይሆንም። የት ቆመው አነበቡት? ዋርካው ጫፍ ላይ?

ይታይሽ፦ አሥር ሜትር አልኩ እኔ?

ናሁሰናይ፦ ይኸው፣ በእጅዎ የጻፉት ነው። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አምስት። አንድ ሺህ አምስት ሴንቲ ሜትር። በማግሥቱ ደግሞ ዘጠና ስምንት። አንድ ቀን ሳይሞላው ዘጠኝ ሜትር ወረደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲያየው ጮኸ።

ይታይሽ፦ ኮምፒውተር ይጮኻል እንዴ?

ናሁሰናይ፦ አለቃዬ ነው የጮኸው። «ይህ ወንዝ ነው ወይስ አሳንሰር?» አለኝ።

ይታይሽ፦ አሳንሰር የት አገር ያለ ወንዝ ነው?

ናሁሰናይ፦ ይተዉት። ትርንጎ የት ናት? የመጣሁት ከልጅዎ ጋር ለመነጋገር ነው።

ይታይሽ፦ ልብስ እያጠበች ነው። ምን ፈለግሃት?

ናሁሰናይ፦ ትናንት ደወለችልኝ። «እናቴን ቁጥሩ ከብዷታል፣ ሥራውን በእኔ ስም አዙሩት፣ እኔ እቀራለሁ» አለችኝ። ቅጹን ይዤ መጥቻለሁ፤ የጎደለው ፊርማዋ ብቻ ነው።

ይታይሽ፦ ለእኔም ነግራኛለች። ስንጨቃጨቅ ነው ያመሸነው። ልጄ ከዚህ ቀበሌ ብቻዋን ፈተናውን አልፋ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት፣ ዛሬ ወደ አርባ ምንጭ ልትሄድ ነው። እንኳን ፊርማዋን ጥላዋን አልሰጥህም።

ናሁሰናይ፦ ራሷ ናት እኮ እቀራለሁ ያለችው!

ይታይሽ፦ ለእኔ አዝና ነው። ለእናቱ አዝኖ የሚቀር ልጅ ሲያረጅ እናቱን ይረግማል።

ናሁሰናይ፦ እርስዎስ ብቻዎን ከሚቀሩ አጠገብዎ ብትሆን አይሻልዎትም?

ይታይሽ፦ እሱን አታንሣብኝ። እሱን ካነሣህ እኔም እንደ ኮምፒውተርህ ነው የምጮኸው።

ናሁሰናይ፦ የሚወስዳት መኪና ስንት ሰዓት ያልፋል?

ይታይሽ፦ አራት ሰዓት።

ናሁሰናይ፦ ጥሩ፤ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ እደርስባታለሁ። እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ጥናቱ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከዚህ ወንዝ ስንት ማሳ ይጠጣል፣ ድልድዩ ስንት ሜትር ይነሣል የሚባለው በዚህ ደብተር ነው። በእርስዎ ቁጥር ብንሄድ ድልድዩን ደመና ላይ ልንሠራው ነው።

ይታይሽ፦ ምን ከፋህ፣ መላእክት ይሻገሩበታላ! ስጠኝ እስቲ ደብተሬን። የቱ ነው አሥር ሜትር?

ናሁሰናይ፦ ይኸ።

ይታይሽ፦ ይኸማ መቶ አምስት ነው!

ናሁሰናይ፦ የቱ ላይ?

ይታይሽ፦ ይኸውልህ። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ መቶ። ከጎኑ አምስት። መቶ፣ አምስት። አሥር ሜትር ያደረግኸው አንተ ነህ።

ናሁሰናይ፦ መቶ አምስት እንዲህ አይጻፍም!

ይታይሽ፦ መቶው የለም? አምስቱ የለም? ምን ጎደለው?

ናሁሰናይ፦ መጉደልማ አልጎደለም፤ ተረፈ እንጂ። ማን ነው እንዲህ ያስተማረዎት?

ይታይሽ፦ ማንም። መሠረተ ትምህርት ገብተን እስከ መቶ ተማርን። መቶ ላይ ስንደርስ መምህርታችን ወሊድ ወጣች። ከመቶ ወዲያ ያለውን በራሴ እግር ነው የሄድኩት። ወንዙ ደግሞ መምህርት ከአራስ ቤት እስክትወጣ ቆይ ቢሉት አይሰማ፤ ሞላ።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ትርንጎን አይጠይቋትም ነበር?

ይታይሽ፦ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ላስጽፍ ነው? ትናንት ደብተሩን አየችና ይኸው «አልሄድም» አለች።

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው ደብተሩን ይመልሱልኝ።

ይታይሽ፦ ቀስ! አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት አሉ። መጀመሪያ ፈትነኝ። ዓይኔ ካላየ ያን ጊዜ ውሰደው።

ናሁሰናይ፦ ይሁን። አሁን ውኃው ስንት ላይ ነው?

ይታይሽ፦ መቶ ሦስት።

ናሁሰናይ፦ ለእኔ ከዚህ አይታየኝም።

ይታይሽ፦ ሰሌዳው አረንጓዴ ለብሷል። ግባና ጥረገው። በየሳምንቱ እኔ ነኝ የምገባው፤ ዛሬ ጎረምሳ አገኘሁ።

ናሁሰናይ፦ መቶ ሦስት ሴንቲ ውስጥ ገብቼ እስከ ወገቤ ልዋጥ ነው?

ይታይሽ፦ እግሩ ጭቃ ውስጥ የተተከለ ነው፤ ውኃው ከጉልበትህ አያልፍም። ጫማህን አውልቅ፣ እኔ እይዝልሃለሁ። የሞተሩን ቁልፍም እዚያው ጫማው ውስጥ ክተተው። ውኃ ቁልፍ ይወዳል።

ናሁሰናይ፦ ይያዙልኝ። እህህ! ይህ ውኃ ነው በረዶ? ቆይ ልጥረገው… መቶ ሁለት… አይ፣ መቶ ሦስት። ልክ ነዎት።

ይታይሽ፦ ስሜስ ይታይሽ አይደል!

ናሁሰናይ፦ ወጣሁ። ጫማዬን ያቀብሉኝ።

ይታይሽ፦ እግርህ ይድረቅ። በእርጥብ እግር ጫማ አድርጎ ሞተር የሚነዳ ሰው ሳል አያጣውም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ። አንተስ የተማርከው አርባ ምንጭ አይደል?

ናሁሰናይ፦ አምስት ዓመት።

ይታይሽ፦ አዞ አለ የሚሉት እውነት ነው?

ናሁሰናይ፦ ሐይቁ ውስጥ ነው እንጂ ክፍል አይገባም።

ይታይሽ፦ አንተ ትስቃለህ። የሚተኙበት ቤት በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?

ናሁሰናይ፦ ይቆለፋል።

ይታይሽ፦ ከውጭስ?

ናሁሰናይ፦ ከውጭም። እትዬ፣ ጫማዬን…

ይታይሽ፦ ስንት ሆነው ነው የሚተኙት? አንዷ ብትታመም ሌሎቹ ያያሉ? ወይስ እንደ ከተማ ሰው ደህና እደሪ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ?

ናሁሰናይ፦ እኔ ወባ ይዞኝ ሰባቱም የክፍሌ ልጆች ናቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ። አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ሐረር፣ አንዱ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ። እስካሁን እንደዋወላለን።

ይታይሽ፦ ወባ አለ ማለት ነው!

ናሁሰናይ፦ ኧረ በእመቤቴ! አጎበር አለ፣ መድኃኒት አለ። ለመሆኑ፣ እንዲህ የሚፈሩ ሴት፣ ልጅዎ ትቅር ሲባል ለምን ይቆጣሉ?

ይታይሽ፦ መፍራትና መከልከል አንድ መሰለህ? ስለፈራሁ ነው አጎበር የገዛሁላት። ደግሞ ምን ልትማር እንደምትሄድ ታውቃለህ? ውኃ። እዚሁ ደጇ እየፈሰሰላት ውኃ ለመማር አርባ ምንጭ ድረስ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ አርባ ያህል ምንጭ ካለ ደህና ይማሩ ይሆናል።

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ ጨዋታውን ወደድኩት፤ ግን ልነሣ። ትርንጎን ላግኛት።

ይታይሽ፦ አንዴ ቆይ። አንተ ፈተንከኝ፤ እኔም ልፈትንህ። እንቆቅልህ!

ናሁሰናይ፦ አሁን?

ይታይሽ፦ እንቆቅልህ አልኩህ! መልሱን ካወቅህ ጫማህን እሰጥሃለሁ።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ምን አውቅልዎት።

ይታይሽ፦ ቁጥሩ ሲያድግ እሱ የሚያንስ።

ናሁሰናይ፦ ቁጥሩ ሲያድግ… ሻማ? አይደለም። ዕድሜ?

ይታይሽ፦ አይደለም። አገር ስጠኝ።

ናሁሰናይ፦ ጎንደርን ይውሰዱ።

ይታይሽ፦ ጎንደር ገብቼ በልቼ ጠጥቼ፣ የውኃ ባለሙያ ጉድጓድ አያውቅም ቢሉኝ አፍሬ ተመለስኩ። የጉድጓድ ውኃ ነው! ገመድ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ስታወርድ፣ ገመዱ ሲረዝም ውኃው እየሸሸ ነው። ጥር ላይ አራት ሜትር ጻፍኩ፣ ግንቦት ላይ ሰባት። ያን ጊዜ እንስራ የምትሞላ ውኃ ጠፍታ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ይቺ… በደብተርዎ «ጉድጓድ» የሚል ርእስ ያላት ዓምድ፣ የገመዱ ርዝመት ናት?

ይታይሽ፦ ምን መስላህ ነበር?

ናሁሰናይ፦ የውኃው ጥልቀት።

ይታይሽ፦ ውይ!

ናሁሰናይ፦ ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያውቃሉ? «በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ በበጋ ይጨምራል፤ ምክንያቱ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል።»

ይታይሽ፦ ኪኪኪ! በበጋ ይጨምራል! ግንቦት ላይ አንድ እንስራ ውኃ ፍለጋ ወገባችን ሲጎብጥ፣ አንተ በወረቀት ስታጥለቀልቀን! ጥናት አያስፈልገውም ልጄ፣ ምክንያቱ ገመዱ ነው።

ናሁሰናይ፦ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሲያስረክበኝ አልነገረኝም።

ይታይሽ፦ የአንተም መምህር ወሊድ ወጥቶ ነበራ!

ናሁሰናይ፦ ይበሉ ይሳቁ።

ይታይሽ፦ እኔ አንዲት ዜሮ አበዛሁ፤ አንተ ጉድጓዱን ከነውኃው ገለበጥከው። ታዲያ ደብተሩ የሚወሰደው ከማን ነው?

ናሁሰናይ፦ የእኔ ይታረማል። ዓምዷን መገልበጥ ነው።

ይታይሽ፦ የእኔስ?

ናሁሰናይ፦ የእርስዎ… ቆይ፣ ይስጡኝ። አንድ ሺህ አምስት፣ መቶ አምስት። ይኸኛው አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ። መቶ ሃያ ማለትዎ ነው?

ይታይሽ፦ ቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት። በሬ ወስዷል ያን ቀን።

ናሁሰናይ፦ ከመቶ በታች ያለው ሁሉ ደህና ነው። ከመቶ በላይ ያለው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የተሳሳተው። እትዬ፣ እዚህ ውስጥ የጠፋ ነገር የለም! አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉም።

ይታይሽ፦ ለምን እዘላለሁ? ዝናብ ሲመታኝ እንኳ ደብተሩን ጡቴ ሥር ይዤ ነው የማነብ። ከእኔ በፊት የነበረው አቶ አንዳርጌ ነበር የሚዘል። ጽሕፈቱ ግን እንደ ደብተራ ያማረ!

ናሁሰናይ፦ የእሱን አይቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት።

ይታይሽ፦ ከአልጋው ሆኖ ነበር የሚያነበው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አልጮኸም?

ናሁሰናይ፦ አልጮኸም።

ይታይሽ፦ ደንቆሮ ነዋ!

ናሁሰናይ፦ ይምጡ፣ አሸዋው ላይ ላሳይዎት። መቶ ሲጻፍ እነዚህ ሁለት ዜሮዎች አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አምስት ሲመጣ መጨረሻ ያለው ዜሮ ተነሥቶ ቦታውን ይለቅለታል።

ይታይሽ፦ ለቅሶ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚነሡለት?

ናሁሰናይ፦ ልክ እንደዚያ። አንድ፣ ዜሮ፣ አምስት።

ይታይሽ፦ ሃያ ሲመጣስ? ሃያማ ከነሚስቱ ነው የሚመጣ፣ ሁለት ናቸው።

ናሁሰናይ፦ ሁለቱም ይነሣሉ።

ይታይሽ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ። ይኸው። የዛሬውም ይኸው፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ሦስት። በቃ? ይቺን ለመማር ነው ከመምህርቷ ጋር ልጅ እስኪወለድ የጠበቅነው?

ናሁሰናይ፦ በቃ። እንዲያውም ከእኔ አለቃ ይልቅ ፈጥኖ ገባዎት።

ይታይሽ፦ እንግዲያው ደብተሩ የእኔ ነው።

ናሁሰናይ፦ እኔስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ትርንጎ በአፏ እቀራለሁ ብላኛለች። ሳላነጋግራት ብሄድ ነገ አለቃዬ ጋ ትደውላለች። በአፏ «ተውኩት» ትበለኝና እሄዳለሁ። አሁን በእውነት ጫማዬን ይስጡኝ።

ይታይሽ፦ እሰጥሃለሁ። ጨርቅ ላምጣልህና እግርህን…

ናሁሰናይ፦ እግሬ ደርቆ ተሰነጣጠቀ እትዬ! ቆይ… ያ ጡሩምባ ምንድን ነው?

ይታይሽ፦ የቱ?

ናሁሰናይ፦ ከመንገዱ። ሁለቴ ነፋ።

ይታይሽ፦ ሁለቴ ከነፋ ሰው ጫነ ማለት ነው። መኪናው ነው።

ናሁሰናይ፦ የትኛው መኪና? አራት ሰዓት ነው ብለውኝ ነበር! ገና ሁለት ሰዓት ነው!

ይታይሽ፦ ቁጥር አትችይም ያልከኝ አንተ አይደለህ?

ናሁሰናይ፦ ትርንጎስ? ልብስ እያጠበች ነው አላሉኝም?

ይታይሽ፦ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታለች። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?

ናሁሰናይ፦ ለካ ጫማዬም፣ እንቆቅልሹም፣ አዞውም…

ይታይሽ፦ አዞውስ የእውነቴን ነው። ልጄ አንተን ካገኘች ትፈርም ነበር። ሂጂ ስላት እያለቀሰች ነው ሻንጣዋን ያነሣችው። እኔን ካየች ደግሞ ትመለሳለች። ለዚህ ነው መንገድ ድረስ ሳልሸኛት እዚህ አንተን ይዤ የቀረሁት።

ናሁሰናይ፦ ሳይሰናበቷት?

ይታይሽ፦ ጎጆዬ በር ላይ ሳምኳት። ይበቃል። እንካ ጫማህን፣ ቁልፉ ውስጡ ነው።

ናሁሰናይ፦ እትዬ… እያለቀሱ ነው?

ይታይሽ፦ አንተ ባለሙያ ነህ፣ አንብበዋ። ስንት ሴንቲ ሞላ?

ናሁሰናይ፦ አንድ ቃል አልተነፍስም። ቅጹ ላይ ግን «የአንባቢው ስም» የሚል አለ፤ ማን ብዬ ልሙላ?

ይታይሽ፦ ብዕሩን ወዲህ በል፣ ስሜን እኔው እጽፋለሁ። ትርንጎ ሄዳለች፤ እኔ ቀርቻለሁ።