እትዬን «ይቁሙ» ያልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ እህትን ለመጠየቅ ነጠላ ጣል አድርጎ መውጣት ብቻ ነበር፣ ማን ወረቀት ይጠይቅሻል? ስልኩ ይቅዳ፣ አንቺ ግን እኔን እዪ፣ የልጅ ልጄ።

ታዲያ አያትሽ ታዴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ሰው አርፎ ይቀመጣል፣ እሱ ጀልባ ገዛ! ጀልባ! ያደገበት ሰፈር ውሃ በባልዲ ነበር የሚታየው። እና «በዚች እትዬ ዘውዴ ጋ እወስድሻለሁ» አለኝ። እትዬ ዘውዴ ታላቄ ናቸው፣ እናታችን ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ካናዳ፣ ቪክቶሪያ፣ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ወደዚህ እንዳይመጡ ቪዛ ከለከሏቸው፣ እኔም ጉልበቴ እስኪድን ስል፣ ስምንት ዓመት ሳንተያይ ቆየን።

«ግራንድማ፣ ለምን በፌሪ አልሄዳችሁም?»

የሕዝብ መርከብ እያለ! እሱን ለአያትሽ ንገሪው!

ታዲያ ወረቀቱ ተጀመረ። የጀልባው ምዝገባ፣ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የተሳፋሪ ዝርዝር። «ሁለት ሰው ነን፣ ምን ዝርዝር አለው?» ስለው «ሕግ ነው» ይላል። ዶሮ ልሠራ ስነሳ «ተይው፣ ድንበር ላይ ጣጣ ያመጣብናል» አለ። «ባዶ እጄን?» «ባዶ እጅሽን!» ሎሚ እንኳን ሳይቀር ከቦርሳዬ አወጣብኝ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎት አደረ፣ እኔን እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም።

እና ስንናጥ ውለን ቪክቶሪያ ወደብ ደረስን። ታዴ ቢጫ ባንዲራ ሰቀለ፣ ገና አልተፈቀደልንም ማለት ነው። «የምወርደው እኔ ብቻ ነኝ፣ ካፒቴኑ። ጉምሩክ ደውዬ የመግቢያ ፈቃድ ቁጥር እስኪሰጡኝ አንቺ አትወርጂ፣ ማንም እንዳይሳፈር። ከጣስን ይመልሱናል።» ካፒቴን! መኪና ፓርክ ሲያደርግ ሁለቴ አጥር የገጨ ሰው። ወረደና ስልኩን ያዘ። «የስ! ቱ ፒፕል! ኖ ጋን! ማይ ዋይፍ፣ ሺ ኢዝ ኢን ዘ ቦት!» ሲል ሲል ቆየና «ሆልድ አደረጉኝ፣ ጠብቅ አሉኝ» ብሎ ተገተረ።

ታዲያ ቀና ብል፣ እትዬ ዘውዴ! በዚያ ጉልበታቸው እየሮጡ ልበልሽ? «ልጄ! መጣሽልኝ!» እያሉ፣ እና ከዘራቸውን ጀልባው ላይ ተክለው እግራቸውን አነሱ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፣ «እትዬ ይቁሙ! አይግቡ!»

ከእኔ አፍ! ታላቅ ሲመጣ ተነስቶ መቀበል ነው እንጂ «ይቁሙ» ይባላል?

«እኔን ነው?» አሉ።

«ሕግ ነው እትዬ፣ ከገቡ ይመልሱናል።»

«አንዴ ብስምሽ ማን ያያል?»

«ስምንት ዓመት ጠብቀናል፣ ታዴ ስልኩን እስኪጨርስ ብቻ።»

«ፊደል ላስቆጥርሽ አቅቶኝ የተውኩሽ ልጅ፣ ዛሬ ሕግ አዋቂ ሆንሽ?»

 እውነታቸውን ነው። አኩርፈው ሊመለሱ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ጣሉና የወደቡ ወለል እንጨት ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ። «አንቺም ተቀመጪ» አሉኝ። እኔ ጀልባው ጠርዝ ላይ፣ እሳቸው ወደቡ ላይ፣ በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ውሃ። እና ወሬ! ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተፋታ። «ከስተሻል» ይሉኛል። «እርስዎ ግን አምሮብዎታል።» «ዋሾ! ድሮም ዋሾ ነበርሽ!» እናታችን ስትሞት ማታ ማታ ምን እያሉ ያስተኙኝ እንደነበር ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝም። እሱን ለአንቺ አልነግርሽም።

ታዲያ ታዴ በድንገት «ቁጥሩን ሰጡኝ! ተፈቀደ! ውረጂ!» ብሎ ወረቀት ሲያውለበልብ፣ እትዬ ዘወር እንኳ ሳይሉ «ቆይ አንተ፣ ወሬ አታቋርጥ!» አሉት። ካፒቴኑ ወረቀቱን አጣጥፎ ቆመ!

ወሬያችንን ስንጨርስ ወረድኩ።

«ሕግሽ አለቀ?»

«አለቀ እትዬ።»

«እንግዲያው አንሺኝ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

ላነሳቸው ጎንበስ ስል አንገቴን ይዘው አልለቅ አሉ፣ ሁለታችንም ልንወድቅ! ታዴ ከኋላ «ቀስ! ውሃ አለ!» እያለ ይጮሃል።

እስቲ ፍረጂኝ። ታላቄን አቁሜያለሁ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ቤታቸው ስንገባ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ማን ፋታ ይሰጠናል? ሳምንት ሙሉ ሰው ተሻማብን። የእኔና የእሳቸው ብቻ የነበረችው ያቺ ሕጉ ውሃ ዳር ያቆየን ግማሽ ሰዓት ናት። እና እኔ ነኝ ወረቀቱን ስሰድብ የከረምኩት! ሂሂ!